ከደንበኛ ጥያቄ እስከ ደንበኛ ስልክ፦ ንግድን በኤስኢኦ እና በማኅበራዊ ሚዲያ የማስተዋወቅ ዝርዝር መመሪያ

ሰው የሚገዛውን ነገር የሚያገኘው ወይ ፈልጎ ነው፣ ወይ ሳያስበው ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ነው። የስፌት ማሽኑ ክር እየበጠሰ ያስቸገረው ሰው ስልኩን አውጥቶ ችግሩን ጉግል ላይ ይጽፋል። ሌላው ደግሞ ማታ ጋደም ብሎ ቲክቶክ ሲያገላብጥ፣ ዝጎ የቆመ ማሽን ተፈትቶ፣ ተጠርጎ፣ ዘይት ተቀብቶ እንደገና ሲሰፋ ያያል፤ ያኔ ጥግ ላይ አቧራ የለበሰው የእናቱ ማሽን ትዝ ይለዋል። የመጀመሪያው ሰው ፈላጊ ነው። ሁለተኛው ፍላጎቱ ገና አሁን መቀስቀሱ ነው።

ኤስኢኦ፣ ማለትም ድረ ገጽን የፍለጋ ሞተሮች በቀላሉ እንዲያገኙትና እንዲረዱት አድርጎ ማሰናዳት፣ የሚያገለግለው ለፈላጊው ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ያልፈለገውን ያስታውሳል፣ የሚያመነታውን ያሳምናል። ብዙ ነጋዴ ገንዘቡን የሚያባክነው የአንዱን ሥራ ከሌላው ሲጠብቅ ነው፤ ፌስቡክ ላይ በየቀኑ እየለጠፈ «ጉግል ላይ ለምን አልወጣም?» ይላል፣ ወይም ድረ ገጽ አሠርቶ ሰው በራሱ ጊዜ እንዲመጣ ይጠብቃል። እኔ የምከተለው መንገድ ሁለቱን ከአንድ ምንጭ መቅዳት ነው፤ ምንጩም ደንበኞች የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር በመመሪያው ሁሉ የስፌት ማሽን ጠጋኝን እንደ ምሳሌ እወስዳለሁ። የእናንተ ሥራ ሒሳብ መያዝም ሆነ ሶፋ መሥራት፣ አካሄዱ አይለወጥም።

1. ከኮምፒውተሩ በፊት ደብተር

አንድ ደብተር ያዙና ለሁለት ሳምንት ሰዎች የሚጠይቋችሁን ሁሉ መዝግቡ። በስልክ የተጠየቀውን፣ በቴሌግራም የመጣውን፣ ሱቅ ድረስ መጥቶ ሳይገዛ የሄደው ሰው ያለውን ሁሉ። ዋናው ነገር በሰዎቹ አፍ መጻፉ ነው። ደንበኛ «የላይኛው ክር ውጥረት መዛባት» አይልም፤ «ማሽኔ ክር ይበጥሳል» ወይም «ከታች ክር ይቋጥርብኛል» ነው የሚለው። ፍለጋ ላይ የሚጽፈውም ይህንኑ ነው። ባለሙያ የሆነ ሰው በራሱ ቋንቋ ይጽፍና ከደንበኛው ቃል ጋር ሳይገናኝ ይቀራል።

ሠላሳ ጥያቄ ከሞላ ለመጀመር ይበቃል። አዲስ ንግድ ሆኖ ጠያቂ ከሌላችሁ፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ፔጅ ላይ ኮሜንቶቹን አንብቡ። ባለቤቱ ሳይመልሳቸው የቀሩ ጥያቄዎች በነጻ የተገኘ ሀብት ናቸው።

2. ቃላቱን ማጣራት

አሁን ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጉግል ላይ መጻፍ ጀምሩ፤ ግን አትጨርሱት። «የስፌት ማሽን ክር» ብላችሁ ስትቆሙ ከሥር የሚዘረዘሩት ማሟያዎች እውነተኛ ሰዎች ከፈለጓቸው ነገሮች የተወሰዱ ናቸው። ፈልጋችሁ ስታበቁ ወደ ገጹ ግርጌ ውረዱ፤ ተዛማጅ ፍለጋዎች አሉ። አንዳንዴ መሐል ላይ ሰዎች የሚጠይቋቸው ሌሎች ጥያቄዎች የተደረደሩበት ሳጥን ይወጣል። ይህንኑ ሙከራ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ድገሙት፤ ሁለቱም የፍለጋ ሳጥን አላቸው፣ ሁለቱም ይገምታሉ። ከሁለት ቃላት የትኛው ይበልጥ እንደሚፈለግ ለማወዳደር ጉግል ትሬንድስ የተባለው መሣሪያ በነጻ ይሠራል። የጉግል ማስታወቂያ አካውንት ከከፈታችሁ ደግሞ የቁልፍ ቃል (ሰው ፍለጋ ላይ የሚጽፈው ቃል) ማቀጃው ቃሉ በወር ስንት ጊዜ እንደሚፈለግ በግምት ያሳያል።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፤ ሆሄ። «ዕቃ» እና «እቃ»፣ «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ፀጉር» እና «ጸጉር» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። የፍለጋ ሞተሮች አንዳንዴ ያዛምዷቸዋል፣ አንዳንዴ አያዛምዷቸውም። ስለዚህ ሁለቱንም አጻጻፍ ፈልጉና የትኛው ብዙ ውጤት እንደሚያመጣ እዩ፤ የበዛውን ርዕስ ላይ አድርጉት፣ ሌላው ጽሑፉ ውስጥ ወይም የፎቶ መግለጫ ላይ አንድ ጊዜ ይግባ። የሆሄ ጥንቃቄ የምወድ ሰው ስለሆንኩ ይህን ስጽፍ ትንሽ ያመኛል፤ ግን የደንበኛ ጣት በስልክ ላይ የቀረበለትን ፊደል ነው የሚነካው። የዕቃ ስምና የሞዴል ቁጥር ካለ ደግሞ ማሽኑ ላይ እንደተጻፈው ሳይለወጥ ይቀመጥ።

ከዚያ እያንዳንዱን ጥያቄ በፍላጎቱ ለዩት። «ክር ለምን ይበጥሳል» የሚል ሰው ማወቅ ነው የፈለገው። «ለጀማሪ የትኛው ማሽን ይሻላል» የሚለው ሊመርጥ ነው። «የስፌት ማሽን ጠጋኝ በአቅራቢያዬ» የሚለው ደግሞ ማሽኑን ይዞ ሊወጣ ነው። የመጨረሻዎቹን የሚፈልጓቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ግን እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ገብቷል። ከእነሱ ጀምሩ።

ከመጻፋችሁ በፊት ጥያቄውን ፈልጉና የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች ምን ዓይነት እንደሆኑ ተመልከቱ። ሁሉም ቪዲዮ ከሆኑ ሰው ማየት እንጂ ማንበብ አይፈልግም ማለት ነው። ካርታ ከወጣ ደግሞ ጽሑፍ ከመጻፋችሁ በፊት ቁጥር 6 ላይ ያለውን ሥሩ።

3. የራስ ቤት

«ፌስቡክ ፔጅ አለኝ፣ ድረ ገጽ ለምኔ?» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ፔጁ የኪራይ ቤት ነው። አከራዩ ሕጉን ሲለውጥ አያማክራችሁም። ፌስቡክ በጥር 2018 እ.ኤ.አ. የጓደኛና የቤተሰብ ፖስቶችን እንደሚያስቀድም ባስታወቀ ጊዜ፣ ብዙ የንግድ ፔጆች ተከታዮቻቸው ሳይቀነሱ የሚያያቸው ሰው ቀነሰባቸው። አካውንት ሲዘጋማ ያኔ ወሬውም አይነሳ።

ድረ ገጹ ትልቅ መሆን የለበትም። ለጠጋኛችን አምስት ገጽ ይበቃዋል፤ መግቢያ፣ አገልግሎቶችና ዋጋ፣ ማን እንደሆነ፣ አድራሻ፣ እና ጥያቄዎቹን የሚመልስበት ክፍል። የድረ ገጹ አድራሻ በኤችቲቲፒኤስ (https) የሚጀምር ይሁን፤ ጉግል ከ2014 ጀምሮ እንደ አንድ መለኪያ ይቆጥረዋል፣ ደግሞም ያለ እሱ ብራውዘሮች «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» እያሉ ጎብኚን ያስደነግጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ዶሜይኑ፣ ማለትም ሰው ድረ ገጹን ለመክፈት የሚጽፈው ስም፣ በእናንተ ስምና በእናንተ ኢሜይል ይመዝገብ። ሠሪው በራሱ ስም አስመዝግቦ፣ ስልኩ ጠፍቶ፣ ዕድሳቱ አልፎ ስማቸውን ያጡ ሰዎች አውቃለሁ። ድረ ገጽ በአንድ ወር እንደገና ይሠራል፤ ለዓመታት ሊንክ ሲጠራቀምለት የኖረ ዶሜይን ግን በቀላሉ አይተካም።

4. አንድ ጥያቄ፣ አንድ ገጽ

ይህ የመመሪያው እምብርት ነው። ሁሉን ነገር አንድ ገጽ ላይ ማጨቅ ልማድ ሆኗል፤ ጥገና፣ ሽያጭ፣ መለዋወጫ፣ ሥልጠና በአንድ ረጅም ገጽ ይታጎራል። የፍለጋ ሞተር የሚመርጠው ገጽን እንጂ ድርጅትን አይደለም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ትልቅ ጥያቄ የራሱ ገጽ ይኑረው።

ርዕሱን ስትጽፉ የሰውየው ቃል ከፊት ይምጣ። «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በደህና መጡ» የሚል ርዕስ ማንም ፈልጎ አያውቅም። «የስፌት ማሽን ክር ሲበጥስ፦ 5 ምክንያቶችና መፍትሔዎቻቸው» ቢባል ግን ጠያቂው ራሱን ያገኛል። የፍለጋ ውጤት ላይ ርዕስ የሚቆረጠው በስፋቱ ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ሰፋ ያለ ስለሆነ ረጅም ርዕስ ቶሎ ነጠብጣብ ይሆናል። የንግዱ ስም መጨረሻ ላይ ቢመጣ ይሻላል፤ ቢቆረጥም ጉዳት የለውም።

የመጀመሪያው አንቀጽ መልሱን ይስጥ። «ክር በተደጋጋሚ የሚበጠስ ከሆነ የላይኛውን ክር አውጡና ጨርቁን የሚጫነውን የማሽኑን እግር ከፍ አድርጋችሁ እንደገና ክተቱት፤ ካልተስተካከለ መርፌውን በአዲስ ቀይሩ።» በቃ። ከዚህ በኋላ ዝርዝሩ ይቀጥል፤ እግሩ ከፍ ሲል ክሩን የሚያጠብቁት ዲስኮች እንደሚላቀቁ፣ መርፌ ተገልብጦ ከገባ ምን እንደሚሆን፣ ከታች የሚቋጠር ክር አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከላይኛው ክር አገባብ እንደሆነ። «ሁሉን ከነገርኳቸው ማን ይመጣል?» የሚል ስጋት ይነሳል። ራሱ መጠገን የሚችል ሰው ድሮም አይመጣም ነበር። መልሱን አንብቦ ያቃተው ሰው ግን የሚደውለው ላስተማረው ነው።

በየንዑስ ርዕሱ አንድ ምክንያት ይኑር። ፎቶዎቹ የራሳችሁ ይሁኑ፤ የተሰበረው መርፌ፣ የተጫረው ሳህን፣ ዘይት የሚገባበት ቀዳዳ። የፎቶው ፋይል ስምና መግለጫ ጽሑፍ በምስሉ ላይ ያለውን በቀላል ቃል ይናገር፤ መግለጫው ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎችም ይነበባል። ከገጹ ወደ ዋጋ ገጽና ወደ ሌላ ተዛማጅ ጥያቄ ሊንክ አድርጉ፤ ሊንኩ ላይ «እዚህ ይጫኑ» ከማለት «የጥገና ዋጋ ዝርዝር» ማለት ለሰውም ለማሽንም ይሻላል። ስልክ ቁጥሩ ሲነካ የሚደውል ይሁን።

ከውጤቱ ሥር የሚታየውን አጭር መግለጫ ጉግል ብዙ ጊዜ በራሱ ይለውጠዋል። ቢሆንም ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉለት። በድብቅ የሚሞላ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር እንሙላላችሁ የሚል ባለሙያ ቢመጣ ግን ሸኙት፤ ጉግል ያንን ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በይፋ የተናገረው በ2009 ነው። ቁልፍ ቃልን በየመስመሩ መደጋገምም ከዚያው ዘመን የቀረ ልማድ ነው።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠየቃችሁ አይቀርም። ጉግል ጽሑፍን በመሣሪያው አይፈርድም፤ በመጋቢት 2024 ባወጣው ፖሊሲ የከለከለው፣ በማንም ይጻፍ በምን፣ ደረጃ ለመያዝ ብቻ በገፍ የሚመረት ባዶ ገጽን ነው። ደግሞ ከግንቦት 2024 ወዲህ ለብዙ ጥያቄዎች ከውጤቶቹ በላይ በማሽን የተጠናቀረ መልስ እያወጣ ነው። አጠቃላይ ዕውቀት ብቻ የያዘ ገጽ ከዚያ መልስ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። የራሳችሁ ፎቶ፣ የራሳችሁ ዋጋ፣ «ባለፈው ወር የመጣ ማሽን እንዲህ ሆኖ አገኘነው» የሚል ታሪክ ግን ሌላ ቦታ የለም። ጉግል ለጥራት ገምጋሚዎቹ በሚሰጠው መመሪያ ላይ በታኅሣሥ 2022 «ልምድ» የሚለውን መለኪያ መጨመሩም ከዚህ ጋር ይሄዳል።

5. ጉግል ገጹን ማየቱን ማረጋገጥ

የፍለጋ ሳጥኑ ላይ «ሳይት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከሁለት ነጥብ ጋር (site:) ጽፋችሁ የድረ ገጻችሁን አድራሻ ሳትለያዩ አስከትሉ። ምንም ካልመጣ ጉግል አላወቃችሁም። ወርድፕረስ የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ ቅንብሩ ውስጥ የፍለጋ ሞተሮች እንዳይመዘግቡት የምትጠይቀው ትንሽ ሳጥን ምልክት እንዳልተደረገባት እዩ፤ ድረ ገጹ ሲሠራ ተደርጋ ተረስታ የምትቀር ናት።

ቀጥሎ ድረ ገጻችሁ በጉግል ፍለጋ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳየው ጉግል ሰርች ኮንሶል ላይ ተመዝገቡ፤ ነጻ ነው። ባለቤትነታችሁን አረጋግጡ፣ የገጾቹን ዝርዝር የያዘውን ሳይትማፕ አስገቡ፣ አዲስ ገጽ ባወጣችሁ ቁጥር አድራሻውን በመመርመሪያው ሳጥን አስገብታችሁ እንዲመዘገብ ጠይቁ። ቢንግ የተባለው ሌላው የፍለጋ ሞተርም ተመሳሳይ መሣሪያ አለው፤ መረጃውን ከሰርች ኮንሶል በቀጥታ ስለሚወስድ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

የገጹን ፍጥነት ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ በተባለው የጉግል መሣሪያ ለኩ። ጉግል ጥሩ የሚላቸው ልኮች የታወቁ ናቸው፤ የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይታይ፣ ሲነካ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ ምላሽ ይስጥ፣ ገጹ ሲከፈት የሚዘለው ነገር ከ0.1 አይብለጥ። የመጨረሻው ልክ፣ አንዱን ልንጫን ስንል ገጹ ወርዶ ሌላ ነገር የምንጫንበትን ብስጭት የሚለካ ነው። ለአነስተኛ ድረ ገጽ አብዛኛው ችግር ፎቶ ነው። ከስልክ ካሜራ የወጣ ግዙፍ ፎቶ ሳይቀነስ ይጫናል። መጠኑን ቀንሱ፣ ዌብፒ ወደሚባለው ቅርጽ ለውጡት፣ ልዩነቱን እዚያው ታያላችሁ። ሙከራውን በስልክ አድርጉ፤ ጉግል ለመመዝገብ የሚያየው የስልኩን ገጽታ ነው፣ በኮምፒውተር ብቻ የሚታይ ጽሑፍ እንደሌለ ይቆጠራል።

የገጽ አድራሻ ከለወጣችሁ አሮጌው ወደ አዲሱ እንዲመራ 301 የሚባለውን ማዞሪያ አድርጉ። እኔ አንድ ጊዜ «ላሳምር» ብዬ የገጾቼን አድራሻ በሙሉ ያለ ማዞሪያ ለውጬ፣ የጎብኚዬን ግማሽ ለመመለስ ወራት ፈጅቶብኛል።

6. ካርታው ላይ መውጣት

ደንበኛ በአካል የሚመጣበት ወይም እናንተ ቤቱ የምትሄዱበት ሥራ ከሆነ ከሁሉ ቀድሞ ውጤት የሚያሳየው ይህ ነው። ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል፣ ማለትም ንግዳችሁ ጉግል ካርታና ፍለጋ ላይ የሚታይበት ገጽ፣ በነጻ ይከፈታል። ጉግል እንደሚለው በካርታ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ከተፈለገው ጋር መዛመድ፣ ርቀትና ታዋቂነት። ርቀቱ በእጃችሁ አይደለም። ለመዛመድ የሥራ ዘርፉን በትክክል ምረጡ፤ «ሱቅ» ከማለት «የስፌት ማሽን ጥገና» የሚል ካለ እሱን። ስሙ በሩ ላይ የተጻፈው ብቻ ይሁን። ስም ላይ ቁልፍ ቃል መጨመር ፕሮፋይሉን ሊያሳግድ ይችላል። ቤት ለቤት ብቻ የምትሠሩ ከሆነ አድራሻውን ደብቃችሁ የምትደርሱበትን አካባቢ ማስቀመጥ ይቻላል። የሥራ ሰዓቱ እውነተኛ ይሁን፤ በበዓል ቀን ተዘግቶ «ክፍት» የሚል ፕሮፋይል ደንበኛን ያስቆጣል።

አስተያየት ለምኑ፤ ግን አትግዙ። ሥራው ተጠናቆ ደንበኛው ደስ ባለው ሰዓት ሊንኩን በመልእክት ላኩለት። ቅናሽ ወይም ስጦታ እየሰጡ ማስጻፍ የጉግልን ሕግ ይጥሳል። ለመጥፎ አስተያየት ስትመልሱ ለጸሐፊው ሳይሆን ነገ ለሚያነበው መቶ ሰው እየመለሳችሁ እንደሆነ አስቡ፤ አጭር፣ ትሑት፣ መፍትሔ ያለው።

7. ሊንክ

ጉግል በ1998 ሲመሠረት ከሌሎቹ የለየው፣ ገጽን ሌሎች ገጾች በሰጡት ሊንክ መመዘኑ ነበር። ዛሬ መለኪያው ብዙ ቢሆንም ሊንክ ክብደቱን አላጣም። በጅምላ የሚሸጠውን አትግዙ፤ በሚያዝያ 2012 ፔንግዊን የተባለው የጉግል ደረጃ አሰጣጥ ማሻሻያ የወጣው ይህንን ለመምታት ነው። ይልቅ ማን ያውቃችኋል? ዕቃ የሚያቀርብላችሁ ድርጅት የወኪሎች ዝርዝር አለው፤ የስፌት ማሠልጠኛ ተማሪዎቹን ወደ ጠጋኝ ይልካል፤ የሙያ ማኅበር የአባላት ገጽ አለው። በትህትና ጠይቁ። ጥሩ የጻፋችሁት ገጽ ካለ ለመጠየቅ አፍ ይኖራችኋል።

8. ያንኑ ደብተር እንደገና መክፈት፦ ማኅበራዊ ሚዲያ

ስድስት ቦታ አካውንት ከፍቶ ስድስቱንም ማድረቅ የተለመደ ነው። ደንበኞቻችሁን ጠይቁና አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ምረጡ። ሥራው ሲሠራ የሚታይ ከሆነ ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ፤ ያለቀው ነገር ዓይን የሚስብ ከሆነ ኢንስታግራም፤ ገዢው ድርጅት ከሆነ ሊንክድኢን። የቴሌግራም ቻናል ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ፖስቱ በጊዜ ቅደም ተከተል ለተመዝጋቢው ስለሚደርስ አዲስ ሰው ለማግኘት ይከብዳል፣ ያለውን ደንበኛ ለመያዝ ግን ተወዳዳሪ የለውም።

ፕሮፋይሉን እንደ ትንሽ ድረ ገጽ አስቡት። ስሙ አጠገብ ሥራው ይጻፍ፣ ምክንያቱም ሰው እዚያም ውስጥ ይፈልጋል። ስልክ፣ የሥራ ቦታና ወደ ድረ ገጹ የሚወስድ ሊንክ ይኑር። ስሙ፣ ስልኩና አድራሻው በድረ ገጹ፣ በካርታው ፕሮፋይልና በሁሉም ፔጅ አንድ ዓይነት ይሁን።

ምን ልለጥፍ ለሚለው ደብተሩ አለ። ድረ ገጹ ላይ የመለሳችሁት እያንዳንዱ ጥያቄ ቢያንስ ሦስት ፖስት ይወልዳል። «ክር ይበጥሳል» የሚለውን እንውሰድ፦ አንዱ ቪዲዮ የማሽኑን እግር ሳያነሱ ክር ማስገባት ምን እንደሚያመጣ በአርባ ሰከንድ ያሳያል፤ ሌላው የደነዘዘና የአዲስ መርፌ ጫፍ በቅርበት የተነሱ ሁለት ፎቶዎች ናቸው፤ ሦስተኛው «የእናንተ ማሽን ምን ዓይነት ድምፅ ያሰማል?» የሚል ጥያቄ። የመጨረሻው ኮሜንት ያመጣል፣ ኮሜንቱም ደብተሩን እንደገና ይሞላዋል።

ቪዲዮ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ችግሩን ያሳዩ። የሎጎ እንቅስቃሴ፣ ሙዚቃ፣ «ሰላም ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን» እስኪያልቅ ሰው በአውራ ጣቱ አልፏችኋል። እጅ ሲሠራ ይታይ። ብዙ ሰው ድምፅ አጥፍቶ ስለሚያይ ጽሑፍ ጨምሩበት። ዩቲዩብ ላይ ረዘም ላለ ቪዲዮ በመግለጫው ውስጥ ከ0:00 ጀምሮ ቢያንስ ሦስት የሰዓት ምልክቶችን፣ እያንዳንዱን ክፍል ከ10 ሰከንድ ባላነሰ ርዝመት ካስቀመጣችሁ፣ ቪዲዮው በምዕራፍ ይከፈላል፤ ተመልካቹም የሚፈልገው ክፍል ላይ በቀጥታ ይደርሳል። ኢንስታግራም ላይ ከፎቶ ሥር የጻፋችሁት ሊንክ አይጫንም፤ ፕሮፋይሉ ላይ አድርጉና ወደዚያ ምሩ። ሃሽታግ ሦስት አራት ይበቃል፣ ሠላሳ መደርደር ልመና ይመስላል።

በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአንድ ዓመት መለጠፍ፣ በቀን ሦስቴ ለአንድ ወር ከመለጠፍ ይሻላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ የአንድ ወሩን መቅረጽ ይቻላል፤ ኮሜንት መመለስ ግን በዕለቱ ነው። «ዋጋው ስንት ነው?» ለሚል ሰው «በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚባለውን ነገር እኔ አልወደውም። የጠየቀው አንድ ነው፣ መልሱን የሚጠብቀው ብዙ። ቁርጥ ያለ ዋጋ መናገር ካልተቻለ «ከዚህ እስከዚህ፣ እንደ ብልሽቱ» ይባል።

ተከታይ መግዛት ራስን መጉዳት ነው። መድረኮቹ አዲስ ፖስት ለጥቂት ሰው አሳይተው ምላሹን እያዩ ነው የሚያሰፉት፤ እነዚያ ጥቂቶች የውሸት አካውንቶች ከሆኑ ፖስቱ እዚያው ይሞታል።

ላይክና ሼር ጉግል ላይ በቀጥታ ደረጃ አያሳድጉም። አብዛኞቹ መድረኮች ላይ የሚለጠፍ ሊንክም ለፍለጋ ሞተር «አትከተለው» የሚል ምልክት አለው። ጥቅሙ በሌላ በር ይመጣል፤ ቪዲዮውን ያየ ሰው ከሳምንት በኋላ ስማችሁን ጉግል ላይ ይጽፋል፣ አንድ የስፌት አስተማሪ ገጻችሁን አግኝታ በራሷ ድረ ገጽ ላይ ትጠቅሰዋለች።

9. ከፍሎ ማስተዋወቅ

ሳትከፍሉበት ጥሩ የሄደ ፖስት እስኪኖራችሁ አትክፈሉ። ሰው በነጻ ያላየውን ነገር በገንዘብ ማሳየት ገንዘቡን ብቻ ነው የሚያሳጥረው። ስትከፍሉ በትንሹ ጀምሩ፣ አካባቢውን አጥብቡ፣ ሊንኩም ስለዚያው ጉዳይ ወደሚያወራው ገጽ ይውሰድ እንጂ ወደ መግቢያው አይሁን።

10. ቁጥሮቹን ማንበብ

መጀመሪያ ትዕግሥቱን እናስተካክል። የጉግል ባለሙያ በ2017 በወጣ ቪዲዮ እንደገለጸችው የኤስኢኦ ሥራ ውጤቱ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈልጋል። «በአንድ ወር አንደኛ አደርጋችኋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል ጉግል ራሱ ጽፏል።

ሰርች ኮንሶል የ16 ወር መረጃ ይይዛል፤ አራት ቁጥሮች ይሰጣችኋል፦ ስንት ጊዜ ታያችሁ፣ ስንት ሰው ጫነ፣ ከታዩት ምን ያህሉ ጫኑ፣ በአማካይ ስንተኛ ሆናችሁ ወጣችሁ። በወር አንድ ጊዜ ተቀምጣችሁ ሦስት ነገር ፈልጉ። ብዙ ታይቶ ጥቂት የተጫነ ገጽ ካለ ርዕሱ አልሳበም፤ ርዕሱን ብቻ ለውጣችሁ አንድ ወር ጠብቁ። ከ8ኛ እስከ 20ኛ የሚወጣ ገጽ ካለ ወደ ላይ ለመውጣት የቀረበ ነው፤ የጎደለውን መልስ፣ አዲስ ፎቶ፣ ከሌሎች ገጾቻችሁ ሊንክ ጨምሩለት። አዲስ ገጽ ከመጻፍ ይህ ቶሎ ይከፍላል። ሦስተኛው፣ ሳታስቡት የተገኛችሁባቸው ፍለጋዎች ናቸው።

ድረ ገጹ ላይ ጎብኚዎች ምን እንደሚያደርጉ የሚቆጥረውን ጉግል አናሊቲክስን ስትጭኑ የጎብኚ ብዛት ላይ አታፍጥጡ። ስልክ ቁጥሩን የነካ፣ ፎርሙን የሞላ፣ ወደ ቴሌግራም የሄደ ሰው እንደ ቁልፍ ድርጊት ይቆጠር። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በምትለጥፉት ሊንክ ጫፍ ዩቲኤም የሚባለውን ምልክት ጨምሩ፤ ጎብኚው ከየትኛው መድረክና ከየትኛው ፖስት እንደመጣ ይነግራችኋል። አንድ ሺህ ሰው ያየው ቪዲዮ አምስት ጥሪ አምጥቶ፣ መቶ ሺህ ያየው አንድም ሳያመጣ ስታዩ የሚቀጥለውን ወር ምን እንደምትቀርጹ ታውቃላችሁ።

ከመሣሪያ ሁሉ የምወደው ግን ለሚደውል ሁሉ «እኛን እንዴት አገኙን?» ብሎ መጠየቅና መልሱን እዚያው ደብተር ላይ መጻፍ ነው። ሰርች ኮንሶል ላይ ያገኛችኋቸውን ያልጠበቃችኋቸውን ፍለጋዎችም ከሥሩ ገልብጧቸው። ገጽ የሌላቸውን አስምሩባቸውና በሚቀጥለው ሳምንት ከላይኛው ጀምሩ።